ራይንሃርት ማይ፣ «ቪ ፎር ያር ኡንት ታግ» (እ.ኤ.አ. 1974)፦ ስለ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ስለ ውሻና ስለ ዝናብ የተዘፈነ አልበም

የራይን_ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ማይንዝ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ የነርስነት ሙያ የምሠለጥን ነኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አኮርዲዮን ተጫዋች ይመጣል፤ አዛውንቱም ቡናና ኬካቸውን ይዘው ይዘፍናሉ። «ኡበር ዴን ቮልከን» የሚባለው የጀርመናዊው ዘፋኝ የራይንሃርት ማይ ዘፈን ሲጀመር ግን የቤቱ ድባብ ሌላ ይሆናል። «ከደመና በላይ» ማለት ነው። አዝማቹ ላይ ሲደርሱ በተሽከርካሪ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፦ እዚያ ላይ ነፃነት ወሰን የለውም፣ ጭንቀትና ሥጋት ሁሉ ታች ይቀራል። በመካከል ያሉት ቤቶች ሲመጡ ግን ሁሉም ያንጎራጉራል እንጂ ቃሉን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል።

ቃሉን ፈልጌ ሳነብ ተገረምሁ። ዘፋኙ አይበርም! መሬት ላይ ቆሞ ሌላው ሲነሣ ያያል። እየዘነበ ነው፤ እርጥቡ አስፋልት ይንቀጠቀጣል፤ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ግራጫው ውስጥ ይሰወራል። ከዚያ ጸጥ። ዝናቡ የሰውየውን ጃኬት አልፎ ገብቷል፤ የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ባሉባት ጎጆ ውስጥ አንድ ሰው ቡና ያፈላል፤ ውሃ ባቆረው ጉድጓድ ላይ ቤንዚን ተንሳፍፎ እንደ ቀስተ ደመና ያብረቀርቃል። ሰውየው አብሮ መሄድን እየተመኘ በእግሩ ይመለሳል። አገር በሙሉ የሚዘፍነው የነፃነት ዘፈን የወጣው ከቀረ ሰው አፍ ነው።

ራይንሃርት ማይ እ.ኤ.አ. በ1942 በርሊን ተወለደ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይሠራል፤ መድረክ ላይ የሚወጣውም ጊታሩን ብቻ ይዞ ነው። እዚያው በርሊን ባለው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ስለተማረ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ፍሬደሪክ ማይ በሚል ስም በፈረንሳይኛ ሲዘፍን ኖሯል። ይህ ዘፈን ያለበት አልበም በ1974 የወጣው «ቪ ፎር ያር ኡንት ታግ» ነው፤ «እንደ ድሮው» እንደ ማለት ነው። ሙሉውን ሰማሁት። በሙያው የሚኮራ ቧንቧ ሠራተኛ አለ፤ በውሻው ኑሮ የሚቀና ሰው አለ፤ ዓመታት አልፈውም እንደ ድሮው እወድሻለሁ የሚል አፍቃሪ አለ። ጀግና የለ፣ ድል የለ፣ ከጎረቤት የማይገኝ ሰው የለም። የሰማችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

ሰምና_ወርቅ
እህቴ፣ አቀራረብሽ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ቧንቧና ስለ ውሻ ለመዝፈን ገጣሚ መሆን ያስፈልጋል? እኛ ያደግነው አንድ ስንኝ ሁለት ፍቺ ተሸክሞ በሚሄድበት ባህል ነው። አዝማሪ ስለ በሬ ሲዘፍን በሬው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ግን ውሻው ያው ውሻ ነው። ደግሞስ ሰው ውሻ ቢሆን ኖሮ ብሎ ይመኛል? በእኛ አገር ይህ ስድብ እንጂ ዘፈን አይሆንም።

የራይን_ዳር
ወንድሜ፣ የውሻው ዘፈን ቀልድ ነው። ሰውየው ሲሯሯጥ ይውላል፤ ውሻው ተጋድሞ ያየዋል። የማታ ፈረቃ ሠርተህ ጠዋት ስትገባ ተጋድሞ የሚያይህ ፍጡር ቤትህ ውስጥ ቢኖር ይገባህ ነበር።

የቦሌው
የመጀመሪያዋን መስመር ሁላችሁም አለፋችኋት። እኔ አውሮፕላን ጠጋኝ ነኝና አላልፋትም።

ዘፈኑ የሚጀምረው «ነፋስ ሰሜን ምሥራቅ፣ መንደርደሪያ ዜሮ ሦስት» በማለት ነው። የመንደርደሪያ ቁጥር ዝም ብሎ የሚሰጥ አይደለም። የኮምፓስ አቅጣጫው ወደ አሥር ቤት ተጠጋግቶ የመጨረሻዋ ዜሮ ትጣላለች፤ ስለዚህ ዜሮ ሦስት ማለት ወደ 30 ዲግሪ ግድም የሚያይ መንደርደሪያ ነው። አውሮፕላን የሚነሣው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው፤ ክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ስለሚጨምር ባጭር ርቀት ይነሣል። ሰሜን ምሥራቅ 45 ዲግሪ ነው። ከ30 ጋር ያለው ልዩነት 15 ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ከፊት ለፊት እየመጣ ነው ማለት ነው። የዚያው መንደርደሪያ ሌላኛው ጫፍ ሁለት አንድ ይባላል። ለቤት መምቻ ብሎ ሁለት አንድ ቢል ኖሮ አውሮፕላኑን ነፋስ ከኋላው እየገፋው ባስነሣው ነበር፤ ከሺህ አድማጭ አንዱም አይነቃበትም ነበር። ማይ ግን ትክክለኛውን ጻፈ። ራሱም የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ሰው ነው።

ለማወቅ ያህል፦ የቦሌም የፍራንክፈርትም ዋና መንደርደሪያዎች ዜሮ ሰባትና ሁለት አምስት ናቸው፤ ማለትም ሁለቱ ከተሞች መንገዳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የዘረጉት። ዜሮ ሦስት ግን ሁለቱም ዘንድ የለም።

የቤንዚኑም ነገር እንዲሁ ነው። ትልልቆቹ ጄቶች የሚሞሉት ኬሮሲን ነው፤ ከምናውቀው ነጭ ጋዝ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ቤንዚን የሚጠጡት ፒስተን ሞተር ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው የቆመው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ትንሽ ሜዳ ላይ ነው፤ የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ጎጆ የሆነውም ለዚህ ነው። ሰምና ወርቅ፣ ወርቁን ከፈለግህ እዚያ ቆፍር።

ሰምና_ወርቅ
የመንደርደሪያ ቁጥር ትክክል መሆኑ ዘፈኑን ጥሩ አያደርገውም። የባቡር ሰሌዳም ትክክል ነው።

የቦሌው
የባቡር ሰሌዳ ላይ ቡና የሚያፈላ ሰው የለም።

ማታ_ፈረቃ
ፍራንክፈርት ጭነት ክፍል ነው የምሠራው። የቦሌው፣ ስለ ነዳጁ ያልኸው ትክክል ነው፤ ግን «አስፋልቱ ይንቀጠቀጣል» የሚለውን ምን ልታደርገው ነው? ትንሽ አውሮፕላን አስፋልት አያንቀጠቅጥም። እኔ በየሌሊቱ የምቆምበት ቦታ ስለሆነ እግሬ ያውቀዋል። ጄት ኃይሉን ሙሉ ለሙሉ ሲለቅ ጫማህ ውስጥ ይሰማሃል፤ ትንሿ ግን ጆሮህን እንጂ እግርህን አትነካም።

ስለ ዘፈኑ ከተባለ፣ እኔም ያወቅሁት ከጀርመን ባልደረቦቼ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይዘፍኑታል። የአዲስ አበባው በረራ ማታ ሲነሣ ሻንጣውን ጭኜ ነው ዞር የምለው። ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ እዚህ ብዙ ባልጽፍ ይሻላል። የራይን ዳር የጻፈችውን አንብቤ ሦስተኛውን ቤት ደግሜ አዳመጥሁት። እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው፦ ጓንቱ እርጥብ ነው፣ ሬዲዮኑ ይንጫጫል፣ አንዱ ከማሽኑ ቡና ይዞ ይመጣል። ማይ ያየውን ብቻ ነው የጻፈው፤ ናፈቀኝ፣ አዘንሁ አላለም። እኔ የወደድሁለት ይህን ነው።

የቦሌው
በአስፋልቱ ጉዳይ እጄን አልሰጥም። ግጥሙ ውስጥ ሞተሩ በብዙ ቁጥር ነው የተጠራው፤ ሁለት ሞተር ያለው የፒስተን አውሮፕላን ተራ ነገር አይደለም። እርጥብ አስፋልት ላይ የቆመ ውሃ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ አስፋልቱ ራሱ የተንቀጠቀጠ ይመስላል።

ማታ_ፈረቃ
«ይመስላል» እና «ነው» ይለያያሉ። አንድ ሌሊት መጥተህ ቁም።

ቆርቆሮ
ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ኑረምበርግ ነው ሙያውን የተማርሁት። ይህ ዘፈን እንዴት እንደሚያሳድደኝ ብነግራችሁ አታምኑም። የዕቃ ሳጥኔን ስከፍት ዕድሜው ከስድሳ በላይ የሆነ ደንበኛ ካለ «ኢሽ ቢን ክሌምፕነር ፎን ቤሩፍ» ብሎ ይጀምራል። ሙያዬ ቧንቧ ሥራ ነው፣ ይህን ወርቃማ ሙያ ለፈጠረ ሦስት ጊዜ እልልታ! ችግር እስካለ ድረስ የሚበየድ አይጠፋም፣ መጸዳጃውና ገንዳው ይበላሻል፣ እኔም እበላለሁ ነው ነገሩ። አዝማቹ ይስቃል፤ በግጥሙ ቤቶች ውስጥ ግን የደንበኛው መኖሪያ እየባሰበት ይሄዳል፤ ሠራተኛው ምንም አይሰማውም።

እስቃለሁ። ግን የቦሌው ከጻፈው በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። ስለ አውሮፕላን ሲዘፍን ማይ ሙያውን ከውስጥ ያውቀዋል፤ ነፋሱ፣ ቁጥሩ፣ ነዳጁ ልክ ነው። ስለ ቧንቧ ሲዘፍን ግን የሚያውቀው ደንበኛ ሆኖ ነው። ቃሉ በሠራተኛው አፍ ይነገራል፤ ዓይኑ ግን በር ላይ እጁን አጣምሮ የቆመው የባለቤቱ ዓይን ነው። የምታቃጥለው የመበየጃ ነበልባል ግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት እንዳይዝ እርጥብ ጨርቅ ከኋላው እንደምናስገባ ደንበኛ አያይም። ለሁለት ሰዓት በጉልበትህ ተንበርክከህ፣ ተነሥተህ ስትቆም የምታሰማውን ድምፅ አያውቀውም። ደንበኛ የሚያየው ሒሳቡን ነው፤ ዘፈኑም የተጻፈው ሒሳቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ ብየዳው ራሱ አርጅቷል። አሁን የመዳብ ቱቦን አብዛኛውን ጊዜ በማሽን ጨምቀን ነው የምናያይዘው፤ እሳት የለ፣ ጭስ የለ። ዘፈኑ የሞተ ሙያ እያወደሰ ነው ማለት ይቻላል።

የራይን_ዳር
ቆርቆሮ፣ ይህን ከዚህ በፊት ከማንም አልሰማሁም። ታዲያ ትወደዋለህ ወይስ አትወደውም?

ቆርቆሮ
ዜማውን እወደዋለሁ። ደንበኛው ሲዘፍነው ግን አልወደውም።

ሽማግሌው_ከሽቱትጋርት
ልጆቼ፣ እኔ ይህ ሸክላ ሲወጣ እዚሁ ጀርመን ተማሪ ነበርሁ፤ በእኛ 1966 መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሌላ አቅጣጫ ልናገር።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አብዮቱ ፈንድቶ ነበር። እኛ እዚህ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስለ መሬትና ስለ ብሔር ጥያቄ ስንከራከር እናድር ነበር። ጀርመኖቹ ተማሪዎችም የራሳቸው ዘፋኞች ነበሯቸው፤ ፍራንትስ ዮሴፍ ዴገንሃርትና ሐነስ ቫደር፣ ከበርሊን ግንብ ማዶ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ደግሞ ቮልፍ ቢርማን። እነዚህ ዘፈን ሲያወጡ መንግሥት ጆሮውን ያቆማል። ቢርማንን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1976 ምዕራብ ጀርመን ኮለን ላይ ዘፍኖ ሳይመለስ ምሥራቅ ጀርመን ዜግነቱን ገፈፈችው። ለአንድ ጊታር የተከፈለ ዋጋ ነው። ማይም ከዴገንሃርትና ከቫደር ጋር በስድሳዎቹ ዓመታት ቡርግ ቫልዴክ በሚባለው ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት በሚደረገው የዘፈን ጉባኤ ላይ ሲዘፍን ያደገ ነው። ከዚያ ሲወጣ ግን እነሱ ወደ ፋብሪካው፣ እሱ ወደ ሳሎኑ ሄዱ። ግራ ዘመሞቹ ፖለቲካ የለውም ብለው አላገጡበት። እኔም ከአላጋጮቹ አንዱ ነበርሁ፤ ዛሬም ሐሳቤን ሙሉ ለሙሉ አልቀየርሁም። በዚያ ዓመት የነዳጅ ቀውስ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በፊት በእሑድ መኪና መንዳት ተከልክሎ አውራ ጎዳናው ላይ ሰው በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። የምዕራብ ጀርመኑ ቻንስለር ቪሊ ብራንት በግንቦት ሥልጣን ለቀቀ። አልበሙ ውስጥ ከዚህ አንዳች ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን ለሐቅ ስል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1986 «ወንዶች ልጆቼን አልሰጥም» ብሎ ጦርነትንና ውትድርናን የሚቃወም ዘፈን አወጣ። ያ ዘፈን ከብዙ ሰልፍ ዘፈን ይበልጥ ሩቅ ሄዷል። የጻፈው ግን እንደ ታጋይ አልነበረም፤ ልጆቹን እንዳሳደገ አባት ነው።

የራይን_ዳር
ጋሼ፣ ስለ ጻፉልን አመሰግናለሁ። ልከራከርዎት ይፈቅዱልኛል? የዚያ የ1986 ዘፈን ጥንካሬ ከዚህ ከ1974ቱ ሳሎን አይደለም የመጣው? ስለ ልጅ አልጋ፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ቡና ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው «አልሰጥም» ሲል የሚታመነው። ስለ ሁሉም ነገር ሲታገል የኖረ ሰው ቢለው አንዱ መፈክር ሆኖ ያልፍ ነበር።

ሽማግሌው_ከሽቱትጋርት
ጥሩ ክርክር ነው። በሠላሳ ዓመቴ ብትነግሪኝ ኖሮ አድኃሪ እልሽ ነበር።

ሰምና_ወርቅ
እኔ ግን ጋሽ ሽማግሌውን ነው የምደግፈው። አንድ ሕዝብ የሚወደው ዘፈን «ጭንቀቱ ሁሉ ታች ይቀራል» የሚል ከሆነ ያ ሕዝብ መሸሽ ይፈልጋል ማለት ነው። ማሸሽ ደግሞ የገጣሚ ሥራ አይደለም።

ማታ_ፈረቃ
ወንድሜ፣ ዘፈኑ እኮ አላሸሸም። የሸሸውን አይቶ ወደ ቤቱ በእግሩ የተመለሰ ሰው ነው። አዝማቹን ብቻ ነው የሰማኸው፤ እንደ አዛውንቱ።

የመንደር_ክራር
እኔ ዜማው ላይ ነኝ። የአልበሙን ርዕስ ዘፈን በክራር ልሞክረው ብዬ ነበር፤ አልሆነም። የክራራችን ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ የሱ ዜማ ግን በሰባቱም ላይ ይመላለሳል፤ ሁለቱ ድምፆች በተፈለጉ ቁጥር ጣቴ ባዶ ቦታ ላይ ይደርሳል። በጊታር ግን ቀላል ነው፤ እሱም አውታሮቹን አንድ በአንድ እየነካ ነው የሚያጅበው፤ እንደ ብዙዎቹ አይደበድበውም። ለድምፁ ቦታ ይተውለታል፤ ድምፁ ደግሞ አይጮህም፤ እያንዳንዷን ቃል እስከ ጫፏ ይጠራታል።

የርዕሱ ዘፈን የፍቅር ዘፈን ነው፤ ግን የመጀመሪያ ቀን ፍቅር አይደለም። እንደ ድሮው እወድሻለሁ፣ ምናልባት አሁን አስተውዬ እወድሻለሁ ነው የሚለው። እኛ የናፍቆትና የመለያየት ዘፈን ሞልቶናል፤ አብሮ ስለ መኖር የተዘፈነ ግን ፈልጉ ብትሉኝ ረጅም ጊዜ እወስዳለሁ።

የራይን_ዳር
ቃሉን እስከ ጫፉ ይጠራል ያልኸው ለቋንቋ ተማሪም ወርቅ ነው። የመካከለኛ ደረጃ ጀርመንኛ ላይ ያላችሁ ከዜና ይልቅ ከዚህ ሰው ጀምሩ፤ የቤት፣ የመሥሪያ ቤት፣ የወጥ ቤት ቃል ሁሉ እዚህ አለ።

ቆርቆሮ
የመሥሪያ ቤት ቃል ካልሽማ ከዚህ አልበም ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ በ1977፣ ያወጣውን የማመልከቻ ቅጽ ዘፈን ስሙ! መኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ የሄዳችሁ ሁሉ ልታለቅሱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሰውየው በአደራ ደብዳቤ «ቶሎ ላክልን» ብሎ ይጽፍለታል። ምኑን? የማመልከቻ ቅጽ እንዲሰጠው የሚያመለክትበትን ማመልከቻ፤ ቅጹ ደግሞ የአንድ ቅጂ ዋጋ ቢስነት የሚረጋገጥበት ነው፤ ቅጂውን ያጸደቀው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው… አዝማቹ ራሱ የቅጹ ስም ነው። ትንፋሽ ሳያጥረው፣ ቃል ሳይሰናከልበት ይዘልቀዋል። ሰውየው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ውሎ መጨረሻ ላይ መሥሪያ ቤቱን እንደ ቤቱ ያውቀዋል።

እኔ ራሴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቁጥር ይዤ ተቀምጬ፣ ተራዬ ሲደርስ «ይህ ክፍል የአያት ስማቸው በሌላ ፊደል ለሚጀምር ነው» ተብያለሁ። እኔ ደግሞ የአያት ስም ብለው የያዙት የአባቴን ስም ነው። እሱን ለማስረዳት ሌላ ቁጥር ያዝሁ።

አወያይ
የመኖሪያ ፈቃድ ታሪኮቻችሁን «ኑሮ በውጭ አገር» ክፍል ውስጥ ጻፉልኝ፤ በዚህ ከቀጠልን ስለ አልበሙ የሚጽፍ ሰው አይተርፍም። የቆርቆሮን ትቼለታለሁ፤ ስላሳቀኝ ነው።

የቦሌው
አንድ ተጨማሪ ነገር። «ከደመና በላይ» መጀመሪያ በነጠላ ሸክላ ሲወጣ የተቀመጠው በጀርባው ፊት ነበር፤ የፊተኛው «ማን አውስ አሌማንያ» የሚባል ሌላ ዘፈን ነው። ዛሬ የፊተኛውን ስንት ሰው ያስታውሳል? ኩባንያው የተራ ሰው ዝናብ ገበያ የለውም ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌው_ከሽቱትጋርት
የፊተኛውን እኔ አስታውሰዋለሁ። አልናፈቀኝም።

ሰምና_ወርቅ
የማመልከቻውን ዘፈን ሰማሁት። ይህኛውን አልከራከርም፤ ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ለእንደዚህ ያለው መሥሪያ ቤት ሰምም ወርቅም አያስፈልግም፣ እንዳለ መጻፍ ይበቃል። ውሻው ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም።

የራይን_ዳር
ሌሊት ሠርተህ ጠዋት ስማው ብዬሃለሁ።

ማታ_ፈረቃ
የቦሌው፣ የአስፋልቱ ጉዳይ አልተዘጋም። ፍራንክፈርት ስትመጣ በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።